የደንበኞች ኮት

«ኮት?» አሉ የግብር ሹሙ አቶ ወልደዮሐንስ። የብዕራቸው ጫፍ የወጪ ዝርዝሩ ላይ ቆመ። «ፎቶ አንሺ በኮት ነው እንዴ ፎቶ የሚያነሳው?»

ወረፋ ከሚጠብቁት ነጋዴዎች መካከል ባለሱቁ አቶ ሸዋርጋ ሳቁ። «የሱ ኮት ከተፈቀደማ እኔም የሚስቴን ነጠላ አስመዘግባለሁ!»

ደራርቱ አልሳቀችም። አባቷ ነመራ፣ ነቀምት ጨለለቂ ሰፈር ፎቶ ቤት አለው። ገበያ ላይ አማርኛ አያስቸግረውም፤ ግብር ቢሮ ሲገባ ግን ምላሱ ይተሳሰራል። ስለዚህ ዛሬ እሷን ከስምንተኛ ክፍል አስፈቅዶ አምጥቷታል። ለሥራው ያወጣው ወጪ ካልተቀነሰለት ግብሩ ባስገባው ገንዘብ ሁሉ ላይ ይሰላል። ያን ለመክፈል ደግሞ ካሜራውን ከመሸጥ ሌላ መንገድ የለውም።

እስካሁን ደህና ሄዶ ነበር። የፎቶ ወረቀቱና የማጠቢያው መድኃኒት ያለ ጥያቄ አለፉ። የቤት ኪራዩን ሊሰርዙት ሲሉ ደራርቱ፣ «የፊተኛዋ ክፍል ብቻ ናት የተጻፈችው፤ የምንተኛባትን አላስገባንም» ብላ አተረፈችው። በገበያ ቀን ካሜራውን ኡኬ ከተማ ላደረሰችው በቅሎ የተከፈለው ኪራይም ተፈቀደ። አባቷ እዚያ የበላው ምሳ ግን ተሰረዘ።

«ቤቱ ቢውልም ምሳ መብላቱ አይቀርም» አሉ አቶ ወልደዮሐንስ።

ይህ ልክ መሰላት፤ አልተከራከረችም። ከወጪዎቹ ሁሉ ትልቁ ግን ኮቱ ነበር።

«የሚለብሰው ደንበኛ ነው፣ ጌታዬ» አለች። «ከገጠር የሚመጣው ሰው ኮት የለውም፤ በኮት መነሳት ግን ይፈልጋል። እኛ ጋ ካጣ ሌላ ፎቶ ቤት ይሄዳል።»

«ማስረጃሽስ?»

ከቦርሳዋ ፎቶዎች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «የግራውን ኪስ ይመልከቱ። ጥጉ ላይ ተቀዶ እኔ ነኝ የጠቀምኩት። እዚህም አለ፣ እዚህም። ይሄ ልጅ ቀጭን ስለሆነ ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ ሰብስበንለታል። እኚህ ሽማግሌ ደግሞ አልቆለፉትም፤ መተንፈስ አቃታቸው።»

አቶ ሸዋርጋ ተነስተው መጡ፤ አጎንብሰውም አንዱን ፎቶ አዩ። «ይሄ ወንድሜ አይደለም እንዴ? ኮት ገዛሁ ብሎ ይቺን ፎቶ አገር ቤት ልኳል እኮ! እናቴ መንደሩን ሁሉ ጠርታ አሳይታለች!»

ቢሮው በሳቅ ተሞላ። አቶ ወልደዮሐንስም ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «አባትሽስ አይለብሰውም?»

አባቷ ጥያቄው ገብቶታል። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ በኦሮምኛ፣ «ፈጽሞ አይለብሰውም በይ፣ ኢንተለ ኮ» አላት።

«ልጄ» ማለቱ ነው። እውነቱን ግን ደራርቱ ታውቃለች፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ያንኑ ኮት ለብሶ ነው። እዚህ ቢሮ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። እውነቱን ብትናገር ኮቱም እንደ ምሳው ሊሰረዝ ነው፤ ካሜራውም ሊሄድ ነው። የምሳውን መሰረዝ ልክ ነው ብላ ያለፈችው እሷ ራሷ ናት። ለኮቱ ሲሆን ሌላ ልክ ከየት ታመጣለች?

«ይለብሰዋል» አለች። «እሁድ እሁድ ብቻ። በሌላው ቀን ፎቶ ቤት ተሰቅሎ ደንበኛ ይጠብቃል።»

አባቷ ዓይኑን ጨፈነ።

አቶ ወልደዮሐንስ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ደግመው አዩ። «ከሰባት ቀን አንዱ የራሱ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሰባተኛውን እጅ እሰርዛለሁ። የቀረው የሥራ ወጪ ነው፤ ተፈቅዷል።» ፊርማቸውን አኖሩና ቀና አሉ። «አቶ ነመራ፣ ካሜራህን ይዘህ ሥራህን ሥራ።»

መንገድ ላይ ወጡ። አባቷ ድንገት ኮፍያውን ወደ ሰማይ ወረወረው። «ተረፈች! ካሜራዬ ተረፈች!» አህያ የሚነዱ ሴቶች ዞረው አዩት፤ እሱ ግን ግድ አልሰጠውም። ከኋላ አቶ ሸዋርጋ በር ላይ ሆነው፣ «አንቺ ልጅ! ቆዪ እንጂ፣ የኔ ተራ እስኪደርስ!» እያሉ ይጣራሉ። ደራርቱ እየሳቀች ኮፍያውን ከአቧራው አነሳችለት።

የልብስ ሰፊው የገቢሳ ደጃፍ ጋ ሲደርሱ አባቷ ቆመ። ወደ ውስጥ ተመለከተ፣ ከዚያ እሷን ተመለከተ።

«ለእሁድ የሚሆን ኮት፣ የራሴ» አለ። «ጨርቁ ርካሽም ቢሆን ግድ የለኝም።»

«ግባ» አለችው። «ይሄኛውን ግን ከሥራው ወጪ ጋር አልጽፈውም።»