ኮምቦልቻ ስንት ቀን ነው?

ዘይቱና ሐሙስ ሐሙስ ታብዳለች እያሉ ሸዋ ሮቢት ላይ ያሟት ነበር። ጣሊያን ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የአይሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ሰው ሁሉ ወደ ግራር ጥላ ይሮጣል። እሷ ግን የጥጥ ማሳው መሀል ቆማ ታንጋጥጣለች።

ምክንያቱን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የኮምቦልቻው ጥጥ ነጋዴ አብዱልመጂድ። ገበያ ላይ አንድ ቀን ከእሷ ከገዛ ወዲህ፣ ጥጥ ባያስፈልገውም መምጣት አመል ሆኖበታል። አንድ ጊዜ እጁ ጥጡን እያገላበጠ፣ ዓይኑ ግን እሷ ላይ ሆኖ፣ የሐሙሱ የፖስታ አይሮፕላን ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአንድ ሰዓት ተኩል እንደሚደርስ፣ በሸዋ ሮቢት ላይ ካለፈ በኋላማ ግማሽ ሰዓት እንኳ እንደማይፈጅበት ነገራት።

«አንቺ አይተሽው ነው ወደ እኔ የሚመጣው» አላት።

ዘይቱና ደስታዋ ፊቷ ላይ እንዳይታይባት ጎንበስ ብላ ቀረች።

አባቷ አደም ግን መሐላ ነበረባቸው። ታላቅ ልጃቸውን ከድጃን ሐረር ድረው፣ እናቷ ታማ አምስት ቀን ሙሉ ስሟን ስትጠራ ቆይታ አረፈች፤ ከድጃ የደረሰችው ከቀብር በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ፣ ከአራት ቀን መንገድ በላይ ልጅ አልድርም ብለዋል።

ሽማግሌ ሆነው የመጡት የአብዱልመጂድ አጎት ኢብራሂም ጨዋታ አዋቂ ናቸው። ኮምቦልቻ ስንት ቀን እንደሆነ ሲጠየቁ ጢማቸውን እየዳሰሱ «ግማሽ ሰዓት» አሉ። በአይሮፕላን መሆኑን ሲያስረዱ ዘይቱና ከመጋረጃው ጀርባ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። አደም ግን አልሳቁም።

«የልጄን መንገድ በጠላት አሞራ ነው የምትለኩልኝ? በእግሬ ሄጄ እለካዋለሁ። ከአራት ቀን ካለፈ፣ ወላሂ ነገሩ አበቃ።»

በማግስቱ አደም ስንቃቸውን በአህያ ጭነው በጀውሃ በኩል ሄዱ። ነጋዴዎች አምስትም ስድስትም ቀን ይላሉ፤ ዘይቱና ይህን ታውቃለችና እህል አልወርድ አላት። አክስቷ ሐጂራ ብታባብላት ብታባብላት አልሆነም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አባቷ እያነከሱ ግቢው ገቡ። ከኋላቸው አህያውን የሚነዳው አቧራ የለበሰ ሰው አብዱልመጂድ ነበር። ዘይቱና ሰላም ማለቱንም ረሳችው፤ ውሃ አሙቃ አባቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

«አባባ፣ ስንት ቀን ፈጀብዎት?»

«ስሄድ ስድስት።»

እጇ ውሃው ውስጥ ቀረ።

«ስመለስ አራት» አሉ አባቷ።

«እግርዎ እንዲህ ተልጦ?»

«እግሬ ተልጦ። ይሄ ልጅ ብቻዎን አይመለሱም ብሎ ተከተለኝ። አንድ ተረት ይጀምርና መጨረሻውን አጣዬ ስንደርስ እነግርዎታለሁ ይላል። አጣዬ ስንደርስ ሌላ ይጀምራል። ስንሄድ መሽቶ ስንሄድ ነግቶ፣ መንደራችንን አየሁት።»

ዘይቱና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የትኛውን እንደሚቆጥሩ ጠየቀቻቸው። አደም እግራቸውን ከውሃው አወጡ።

«ታምሜ ሳስጠራሽ፣ ከማን ጋር ነው የምትመጪልኝ?»

ዘይቱና ቀና ስትል፣ አህያውን የሚያራግፈው ሰው ሥራውን ትቶ እያያት ነበር።