በሩ ሳይከፈት

«አሥራ አንድ ደቂቃ ቀረን! ጸጉር! ከንፈር! ፈገግታ!» ብሌክሊ ወንበር ላይ ቆማ ጮኸች። የዘንድሮው የአቀባበል ኃላፊ እሷ ናት።

ላርኪን ጆሮዋን ወደ በሩ አቀናች። ከተዘጋው በር ማዶ፣ በነሐሴ ፀሐይ፣ አብረው የሚኖሩበትን የሴት ተማሪዎች የእህትማማች ማኅበር ሊመርጡ የመጡ አዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሣሩ ላይ ተሰልፈው ሲንጫጩ ይሰማል። አምና እሷም እዚያው ቆማ ነበር። በሩ ድንገት ተበርግዶ ሰባ ሴቶች በአንድ ድምፅ ሲዘፍኑላት እየሳቀች ወደ ውስጥ መሮጧን አትረሳውም። ዘንድሮ የመጀመሪያውን ስንኝ የምታወጣው እሷ ናት። አውጪዋ ድምፅ ካላሰማች ማንም አይዘፍንም፤ በሩም አይከፈትም። የቤቱ ደንብ ነው።

ሃቲን በዓይኗ ፈለገቻት። አንድ ክፍል የሚጋሩ ጓደኛሞች ናቸው፤ ዘፈኑን ሳምንቱን ሙሉ ለሁሉም ያስጠናችውም ሃቲ ናት። አሁን ግን ከወጥ ቤት ብቅ ስትል፣ ሁሉም በለበሱት ቢጫ ቀሚስ ላይ ሽርጥ አስራለች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ለመጠጡ በረዶ እየሰበርኩ። የወጥ ቤት ንግሥት ሆኛለሁ፤ እጅ ንሺ!» ሃቲ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

ላርኪን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የቦታ ዝርዝር አነበበች። ወጥ ቤት፦ አራት ስም። አራቱም ወፈር ያሉ ልጆች ናቸው።

«ብሌክሊ፣ ሃቲ ለምን ወጥ ቤት ገባች?»

«ውይ ላርኪን፣ አሁን?» ብሌክሊ ከወንበሩ ወርዳ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ፎቶ አለ እኮ። አዲሶቹ የሚያዩት በሩ ላይ ያለውን ነው። እሷ ደግሞ... ታውቂያለሽ። ቀሚሱም በግድ ነው የገባላት። ለራሷ ብለን ነው።»

«ለራሷ ብላችሁ?»

«እወዳታለሁ እኮ! ቀልዷ ይገድለኛል። ግን ውሃ የሚቀዳ ሰው ያስፈልጋል አይደል?»

ላርኪን ፊቷ ጋለ። ሰኞ ቀሚስ ሲለኩ ብሌክሊ «ኧረ ዚፑ የሰው ያለህ እያለ ነው!» ብላ ሁሉም ስቆ ነበር። ላርኪንም ስቃለች። ከሁሉም በላይ የሳቀችው ሃቲ ነበረች።

«ተይው ባክሽ፤ ቦታሽን ታጫለሽ» አለች ሃቲ፣ እጇን ጎተት አድርጋ።

«ሰኞ ስስቅብሽ ለምን አልተቆጣሽኝም?»

«ሁላችሁም ስትስቁ ምን ልበል?»

የግቢው ደወል ሦስት ሰዓት መሆኑን አበሰረ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት የሌሎች ማኅበራት ቤቶች ሁሉ በአንዴ በዘፈን ፈነዱ። ዘፋኞቹ በሩ ሥር ተደራርበው፣ እጃቸውን ለጭብጨባ አንስተው ላርኪንን ጠበቁ። ላርኪን ቦታዋ ላይ ቆመች። ስንኙን አላወጣችም።

«ጀምሪ!» አለች ብሌክሊ ጥርሷን ነክሳ።

«ሃቲ ቦታዋ ላይ አልቆመችም።»

«ለየልሽ? ውጭ መቶ ሰው እየጠበቀ ነው!»

«ይሰማኛል። ሌሎቹ ሦስቱም ይምጡ። ሁሉም ሲቆሙ አወጣለሁ።»

«ከነገ ጀምሮ በሩ ላይ አትቆሚም!»

ላርኪን ሳምንቱን ሙሉ በሕልሟ ያየችው ቦታ ነው። «እሺ። ነገ በረዶ እሰብራለሁ» አለች።

ከኋላ አንዷ ፍርፍር ብላ ሳቀች። ሌላዋ «ኧረ ሃቲ፣ ነይ! ያላንቺ እኮ ዜማው ይጠፋብናል!» አለች። ሰልፉ በራሱ ተከፍሎ በመሃሉ ቦታ ለቀቀ። ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ሦስቱ ልጆች እየተገፋፉ ወጡ።

ሃቲ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ላርኪንን ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ ሽርጡን ፈትታ፣ አጣጥፋ፣ ለብሌክሊ አስያዘቻት።

«የሎሚ ጭማቂው ስኳር አንሶታል» አለቻት።

ላርኪን ከመሃል አንድ እርምጃ ወደ ጎን ተጠጋችላት። የሃቲ እጅ ከበረዶው የተነሳ ቀዝቅዟል፤ አጥብቃ ያዘችው። ከበሩ ማዶ ጫጫታው ጸጥ ብሏል።

«አብረን» አለች ላርኪን፤ አየር ስባም አፏን ከፈተች።