የራይሙንዱ ኮሌታ

ኬሚስቱ ራይሙንዱ በመዓዛ ቤተ ሙከራው ጓሮ፣ የብራዚሏ ቤሌም ከተማ የከሰዓት ዝናብ እየወረደበት፣ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። በሁለት እጅ ታንቆ ነው የሞተው። ኢንስፔክተር ዡሬማ ጎንበስ ብላ የረጠበውን ነጭ ኮሌታ አሸተተች። ፕሪፕሪዮካ የሚሉት ሥር ሽታ ነው። የሟች እናቷን ቀሚስ አስታወሳት።

«ትናንት ነው የተኮስኩለት» አለች እህቱ ዶና ኔውዛ፣ እያለቀሰች። «ኮሌታው ቀጥ እንዲል የፕሪፕሪዮካውን ሥር ከካሳቫ ስታርች ጋር ቀቅዬ። ነገ ለምስክርነት አምሮበት ይቅረብ ብዬ።»

«የምን ምስክርነት?»

የመለሰችላት ቀኝ ክንዷ በጄሶ የታሰረው የቤተ ሙከራው ጠበቃ ማሪልዳ ናት። «ዶክተር ኦታቪዮ ከስታርች እንክብል ሠርተዋል። ሲረጥብ መዓዛ ይለቃል፣ ሲጣል አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። የፈጠራ መብት ጠይቀንበታል። ራይሙንዱ ግን ‹ይሄ ፈጠራ አይደለም፣ የሙያው ሰው ሁሉ ሳይደክም የሚደርስበት ነው› ሊል ነበር። እሱ ይህን ካለ መብቱ አለቀለት።»

«ነፍሱን ይማር፣ ሽማግሌው ምቀኛ ነበር» አለ ከጠበቃው አጠገብ የቆመው ኦታቪዮ። «እኔ ግን ዛሬ ከፎቅ አልወረድኩም። ዓይኑንም አላየሁት።»

ዡሬማ የጥቁር ሸሚዙን እጅጌ አየች። ከዚያ ሦስቱንም ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸውና ውሃ በብርጭቆ ይዛ ቆመች።

«ማሪልዳ በአንድ እጇ ሰው አታንቅም። ዶና ኔውዛ ሬሳው እስኪገኝ ገበያ ውስጥ ከጎረቤቶቿ ጋር ነበረች። ዶክተር፣ እጅጌዎን ያምጡ እስቲ።»

የእጅጌው ጫፍ ላይ ነጭ ነገር ደርቋል። ውሃ ጠብ አደረገችበት። የፕሪፕሪዮካ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

«ቤተ ሙከራችሁ የሚጠቀመው የላቬንደር አበባ ብቻ ነው። ይሄ ስታርች ዝናብ ካረጠበው ኮሌታ ላይ ነው የተላለፈብዎት። ወርደዋል፤ አንቀውታልም።»

ኦታቪዮን ላብ አጠመቀው። «ላም ባልዋለበት ኩበት አይልቀሙ፣ ኢንስፔክተር!» ብሎ ጮኸ። «በዚህ ከተማ ይሄ ሽታ የሌለበት ቤት አለ እንዴ? ሴቱ ሁሉ ስታርቹን ከዚሁ ሥር ጋር ነው የሚቀቅለው! አውቶቡስ ውስጥ ስጋፋ ተለጥፎብኝ ይሆናል!»

ማሪልዳ ሻንጣዋን ዘጋች። «ዶክተር፣ ሽታን በስታርች መያዝ ሴቱ ሁሉ የሚያውቀው ከሆነ ፈጠራ አይደለም፤ መብትዎን በገዛ አፍዎ ቀበሩት።»

«ይቀበር!»

ዡሬማ ብርጭቆውን አስቀመጠች። የትኛውም ዳኛ በየሰዉ ሸሚዝ ላይ ባለ ሽታ ሰው አያስርም። የቀረውን ዱካ ዝናቡ አጥቦታል። ገዳዩን እያወቀች እጇ ታሰረ።

«ይሂዱ» አለችው።

ዶና ኔውዛ በሩ ላይ ጠበቀችው። አልሰደበችውም፣ አልረገመችውም።

«ወንድሜም እኮ ሊል የነበረው ይህንኑ ነው» አለችው። «ታዲያ እሱ ቢለው ምን ነበረበት?»