ሳይመለስ የተቀመጠው ክር

«ጋሽ ክር» የሚሏቸው ሽማግሌ ጠዋት በሥራ ክፍላቸው፣ ከመደርደሪያው መሰላል ሥር ሞተው ተገኙ። የፊልም ስቱዲዮው ሙዚቃውን በሸክላ የሚያሳትምበትን ክፍል የአርባ ዓመት ታሪክ ጽፈው ጨርሰው፣ በዚያው ጠዋት ለሠራተኛው ሊያነቡ ነበር።

መርማሪዋ ማጫወቻው አጠገብ ያለውን ሳጥን አተኩራ አየች። ውስጡ ያለው የስቱዲዮው የመጀመሪያ ፊልም ዜማ የተቀረጸበት የቴፕ ክር ነው። ክዳኑ ላይ በሟቹ እጅ «ለጠዋት፣ ከመጀመሪያው» ይላል።

«ትናንት ከምሳ በፊት እያየኋቸው ነው ወደ መጀመሪያው ጠቅልለው ያዘጋጁት» አለች የክፍሉ ኃላፊ።

መርማሪዋ ወደ ክላርኔት ነፊው ዞረች። «ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ታሪኩ ውስጥ ስሜን ዘለሉት፤ ተናገርኩ። ማሽኑን እንደሆነ አላውቀውም። የቤቴን ሬዲዮ እንኳ የምትከፍትልኝ ልጄ ናት።»

ድምፅ ቀራጩ የሟቹ እህት ባል ነው፤ እሷ ካረፈች ቆይታለች። ክፍሉ ስም ያተረፈው በእሱ ዜማ፣ በዚያው በመጀመሪያው ፊልም ዜማ ነው ይባላል። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«ትናንት እዚህ እግሬም አልረገጠም። ጋሼ ሙያ ያስተማሩኝ፣ እህታቸውን የዳሩልኝ ሰው ናቸው።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«ክሩ ከመጀመሪያው ተዘጋጅቶ ነበር፤ አሁን የሚታየው ጫፍ መጨረሻው ነው። አንድ ሰው እስከ ፍጻሜው አጫውቶ፣ ወደ መጀመሪያው ሳይመልስ ሳጥኑ ውስጥ ከቶታል። እዚህ ቤት እንዲህ የሚያስቀምጥ ማነው?»

«ክሩ ዕድሜ እንዲኖረው ብለው ጋሽ ክር» አለች ኃላፊዋ። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እና ያስተማሩት።»

«ሟቹ ለጠዋት ያሰናዱትን አያፈርሱም። እጅዎ ልማዱን አልረሳም፣ አቶ ቀራጭ።»

«ለመስማት ብዬ ሰው ገደልኩ?»

«ለማጥፋት። የታሪካቸው የመጨረሻ መስመር ‹ዜማውን የደረሰችው እህቴ ራሷ ትናገራለች› ይላል።»

ክሩን አጫወተችው። ከዜማው በኋላ ዝምታ ብቻ ነበር።

«ንግግሯን አጠፉት። ነገር ግን ክር ዓመታት ተጠቅልሎ ሲኖር የአንዱ ዙር ድምፅ በጎረቤቱ ዙር ላይ ጥላውን ይጥላል። ከንግግሯ አጠገብ ያለውን ዜማ ደግሞ አልነኩትም።»

ድምፁን ከፍ አደረገችው። ከመጨረሻው ኖታ ሥር፣ ከግድግዳ ማዶ እንደሚሰማ፣ የሴት ድምፅ ሽው አለ፦ «ይህን ዜማ ለወንድሜ የደረስኩት እኔ...»

ቀራጩ ተቀመጠ። «‹ስሟን መልስላት› አሉኝ፣ መሰላሉ ላይ ሆነው። መሰላሉን ገፋሁት።»

«ሲወድቁ ባየህበት ዓይንህ ነው ጠዋት ያለቀስክላቸው?» አለ ክላርኔት ነፊው።

መርማሪዋ ክሩን ሳትመልስ፣ እንደ ሟቹ ልማድ፣ ሳጥኑ ውስጥ አኖረችው።