ወንበር የሌላት እንግዳ

ቪየና ባለው ቢሯችን ዓመቱ ሲያልቅ ሁላችንም በየተራ እየተነሣን እንዴት እንዳሳለፍነው እንናገራለን። ምን ሠራሽ? ምን ተበላሸብሽ? ምኑን አስተካከልሽ? እኔም ተነሥቼ ስለጻፍኳቸው ፕሮግራሞች ጥቂት ብዬ ተቀመጥኩ። አጨበጨቡልኝ። አንድም ውሸት አልተናገርኩም፤ ዋናውን ነገር ግን አላነሣሁትም።

ዋናው ነገር ራስትኮ ነው።

ያወቅኩት ተወልጄ ባደግኩባት በኖቪ ሳድ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነው። ዝናቡ ይወርዳል። አንድ ረጅም ልጅ ስልኩ ላይ የአውቶቡስ መምጫ የሚናገረውን ፕሮግራም እያየ ይራገማል።

«‹ሁለት ደቂቃ ቀረው› ይላል! ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሁለት ደቂቃ! ይህን የሠራው ሰው ግን በሕይወቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ያውቃል?»

«በየቀኑ ትሳፈራለች» አልኩት።

«ማን?»

«የሠራችው።»

ስልኩን አየ፤ እኔን አየ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ታዲያ አውቶቡሱ የት ነው ያለው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«እኔ እንጃ። በእግራችን እንሂድ።»

የዳኑብን ድልድይ ስንሻገር አውቶቡሱ ውኃ እየረጨን አለፈ። ማናችንም እጃችንን አላነሣን።

ራስትኮ ከወንዙ ማዶ፣ ፔትሮቫራዲን፣ ከአባቱ ከጋሽ ግቮዝደን ጋር ጀልባ ይጠግናል። አምና በገና ጾም፣ በቅዱስ ኒቆላስ ቀን፣ ቤታቸው ዝክር ወሰደኝ። እኛ ዘንድ ዝክር ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ለዝክር ደግሞ ሰው አይጠራም። አንድ ጊዜ በደጁ የገባ ሰው በየዓመቱ ሳይጠሩት ይመጣል። ከቀረ ተጣልቷል ማለት ነው። በእኔ ሥራ ደግሞ በስሙ ያልጠሩት የፕሮግራም ክፍል ንቅንቅ አይልም፤ ለዚህ ነው መሰለኝ ይህ ልማድ ሁልጊዜ የሚያስቀናኝ።

እናቱ እትዬ ዴሳ ከስኳርና ከለውዝ ጋር የተቀቀለ የስንዴ ንፍሮ በማንኪያ አቀመሱኝና ምድጃው አጠገብ፣ የክብር ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ዓሣው መጣ፣ ባቄላው መጣ። አባትና ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ ቆመው ያስተናግዳሉ።

«አንተ ልጅ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አጠገቤ ብትቀመጥ ምን አለበት?» አልኩት።

«የዝክር ቤት ሰው አይቀመጥም። ደግሞስ ከሩቅ ነው የምታምሪው።»

ስወጣ እትዬ ዴሳ የካፖርቴን ቁልፍ እየቆለፉልኝ «ኔቬና፣ ከእንግዲህ የሚጠራሽ የለም፤ መንገዱን አውቀሽዋል» አሉኝ። ጋሽ ግቮዝደን ከኋላቸው ሆነው «ከርሞ የዝክሩ ባለቤት እሱ ነው። እኔ ጉልበቴ ከድቶኛል፤ ቁጭ ብዬ እበላለሁ» አሉ።

በጸደይ የቪየናው ሥራ መጣልኝ። ልነግረው ስሄድ ወንዙ ዳር ጀልባ ይቀባል።

«ሥራው ጥሩ ነው?»

«በጣም።»

«እንግዲያው ሂጂ።»

«አብረን ብንሄድስ?»

ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነክሮ ተወው። «የአባቴን ጉልበት አይተሻል። ቤቱን፣ ዝክሩን ለማን ትቼ?»

እሱ «እቀራለሁ» እስክለው ጠበቀ፤ እኔ «ቅሪ» እስኪለኝ ጠበቅኩ። እልኸኛ ከእልኸኛ ተገናኝቶ መቼ ቀና ነገር ይወጣል! ቀለሙ ብሩሹ ላይ እስኪደርቅ ቆመን ተለያየን።

ቪየና ምንም አላጓደለችብኝም። አውቶቡሶቿ በሰዓታቸው ይመጣሉ። እኔ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬን አውጥቼ ያንን አሮጌ ሥራዬን፣ የኖቪ ሳድን የአውቶቡስ ፕሮግራም እከፍታለሁ። አንዲት ትንሽ ነጥብ ድልድዩን ስትሻገር አያለሁ፤ ምናልባት እሱ ተሳፍሮባት ይሆናል እላለሁ። ናፍቆት እንዲህ ያጃጅላል፤ የሰው አገር ቁጭ አድርጎ የአውቶቡስ ነጥብ ያስጠብቃል። በመከር አንድ ቀን «አውቶቡሱ ዛሬ በሰዓቱ መጣ» ብሎ ጻፈልኝ። ብዙ ጽፌ፣ ብዙ አጥፍቼ፣ «ደስ ብሎኛል» ብቻ ላክሁ። ማታውን አለቀስኩ።

ቅዱስ ኒቆላስ ደረሰ። ከቪየና መጥቼ ኖቪ ሳድ እናቴ ቤት ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

«ብትቀሪ ተጣላሁ ማለትሽ ነው» አለች እናቴ። «ብትሄጂ ደግሞ ተዋረድኩ ትያለሽ። የትኛው እንደሚብስብሽ አንቺ ታውቂያለሽ። ለማንኛውም ወይኑን እንዳትረሺ።»

እትዬ ዴሳ በሩን ከፍተው ሦስት ጊዜ ሳሙኝ። «ከስተሻል» አሉና ንፍሮውን አቀረቡልኝ። አንድ ማንኪያ ቀምሼ ገባሁ።

ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል። አምና እኔ የተቀመጥኩበት ላይ አንድ ባለ ሪዝ አጎት ዓሣ ይግጣሉ። በዝክር ቤት ማን እንደሚመጣ ይታወቃል፤ ወንበርም በሰው ልክ ነው የሚደረደረው። ለእኔ አልተደረደረም። ራስትኮ የአባቱን ኮት ለብሶ፣ ማንቆርቆሪያ ይዞ፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ቆሟል። አየኝ። የሚቀዳው ወይን ከብርጭቆው እስኪፈስ ድረስ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም።

«እንኳን አደረሳችሁ ልል ብቻ ነው የመጣሁት» ብዬ ጠርሙሴን መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ወደ በሩ ዞርኩ። ኮሪደሩ ላይ ደረሰብኝ።

«ወዴት ነው?»

«ቦታ የለኝም ራስትኮ። አየሁት እኮ።»

«የሌለሽ ወንበር ነው።»

«ያው አይደል?»

«ጠዋት እናቴ ወንበር ስትደረድር ‹ኔቬናስ?› አልኳት። ‹እሷ ደግሞ ወንበር ምን ያደርግላታል?› አለችኝ።»

እንባዬ መጣ።

«ለማልቀስ ስትቸኩይ!» አለኝ፤ የእሱም ድምፅ ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር። «እኔስ ተቀምጬ አየሽኝ?»

ያኔ ገባኝ። የዳቦውን ትሪ ከኮሪደሩ ጠረጴዛ አንሥቶ ክንዴ ላይ አስቀመጠልኝ፤ እጁን ግን ከትሪው ሥር አላወጣም።

«ኔቬና፣ ቅሪ።»

«ይቺን ቃል ለማውጣት ዓመት ፈጀብህ?»

«ፈጀብኝ። ሥራሽስ?»

«ፕሮግራም ፔትሮቫራዲንም ይጻፋል። ቪየናዎቹ እምቢ ካሉኝ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። እኔ እኮ የጠበቅኩት ቃሉን ነው።»

«ኧረ እዚህ ቤት ዳቦ የለም እንዴ?» ብለው ባለ ሪዙ አጎት ከውስጥ ተጣሩ።

ካፖርቴን አውልቄ ገባሁ። ለእሳቸው ዳቦ፣ ለጋሽ ግቮዝደን ዓሣ፣ ለጎረቤቶቹ ባቄላ አቀረብኩ። እስኪመሽ ድረስ አንዴም አልተቀመጥኩም።