ፉል የማይበላው ሰው

ትሪው መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዳሱ ጥላ ሥር ጋደም ብለው የነበሩት አራሚዎች ተነሥተው ከበቡት።

ሱዳን ውስጥ፣ ፋው ላይ፣ ከጥጡ ማሳ ዳር፣ ረፋድ ሲሆን ሥራ ይቆማል። ዘይት የተርከፈከፈበት ፉል ይመጣል። ሁሉም ከአንድ ዕቃ ይጎርሳል፤ አላፊ አግዳሚው ሳይቀር ይጠራል። እጁን የሰበሰበ ሰው የተቀየመ ይመስላል።

«ተፈደል፣ ያ ዶክቶር» አለ የአራሚዎቹ አለቃ ጀማሉ፣ ቦታ እየለቀቀ።

ይልቃል ተቀመጠ። የደም መመርመሪያ ሣጥኑን ጉልበቱ ሥር አስገባ። ጎረሰ። ዓይኑ ግን ፉሉ ላይ አልነበረም። እጆች ላይ ነበር። የቆሰሉ እጆች፣ ጭቃ የደረቀባቸው እጆች፣ ቀለበት ያለው እጅ። ይወርዳሉ፣ ይነሣሉ።

አንድ ሰው እጁን አልሰደደም።

ምሰሶውን ተደግፎ ደረቅ ዳቦ በሽንኩርት ያላምጣል። ከሳ ያለ ነው። ሻሹን እስከ ቅንድቡ አውርዶታል።

«እሱስ?» አለ ይልቃል፣ ግድ እንደሌለው።

«ካሣን ነው? ተወው፣ ስለት አለብኝ ይላል። ወላሂ ሱዳን መጥቶ ፉል የማይበላ ሀበሻ እሱን አየሁ።»

አራሚዎቹ ሳቁ። ይልቃልም ሳቀ።  ስንት ወር የለፋበት፣ መሥሪያ ቤቱ «ቆቅ» የሚለው ሰው እዚያ ተቀምጦ ሽንኩርት ይበላል።

ትሪው ሲነሣ የወባ ምርመራውን ጀመረ። ጣት ይወጋል፣ ጠብታ ይወስዳል፣ ቀጣይ። የሰውየው ተራ ሲደርስ ጣቱን ይዞ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ባንቴ።»

ጣቱ ደረቀ። ሌላው እጁ ወደ መኮትኮቻው ሄደ።

«እህትህ ሸጊቱ ናት የነገረችኝ። ልጇ ድኗል።»

«ማን ነህ?»

«ወደ መተማ የማሻግርህ።»

«በሕይወቴ?»

«በሕይወትህ።»

ይህን ቃል ሲሰጥ ከልቡ ነበር። በኋላ እንቅልፍ የነሣውም ይኸው ቃል ነው።

*

ይልቃል የሚለው ስም ለሥራው የተሰጠው ነው።

በ2006 የስለላ መሥሪያ ቤቱ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ሲልከው በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ አድርጎ አስቀጠረው። በዚያ ላይ በኢንተርኔት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት አስመዘገበው። ትምህርቱ ግላዊ ሕክምና ይባላል። አንዱን የሚፈውስ መድኃኒት ሌላውን ለምን እንደሚገድል ከደሙና ከዘሩ ፈልጎ ማግኘት ነው። ለስለላ እንዲህ ያለ ሽፋን አይገኝም። ተማሪ ነው ተብሎ ላፕቶፕ ላይ ሲያፈጥ ቢውል፣ በየመጠለያው እየዞረ ደም ቢለምን፣ ማንም ምን ያደርጋል አይልም።

ከአለቃው ጋር የሚጻጻፈውም በተማሪዎቹ መወያያ ገጽ ላይ ነው። አለቃው እዚያ «ሃና» ነው፣ ናይሮቢ ሆና የምትማር ልጅ። ገዳሪፍ ውስጥ ደግሞ ጋረደው የሚባል የሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ ወፍራም፣ ተጫዋች፣ የግራ ጆሮው ጫፍ የተቆረጠ።

መሥሪያ ቤቱ አንድ ነገር አልጠበቀም። ሰላዩ ትምህርቱን ወደደው። መብራት በሄደ ቁጥር የሚራገመው ሪፖርቱ ስለቆመ አልነበረም፤ ትምህርቱ ስለተቋረጠበት ነው። ለማንም አልተናገረም። ትልቅ ሰው በውሸት ስም ለእውነት ሲማር ያሳፍራል።

ቆቅ የተባለው ባንታምላክ ሾፌር ነበር። ስደተኞችን ለአጋቾች የሚሸጥ የመሥሪያ ቤቱ ሰው አለ፤ ባንታምላክ ያን ሰው በዓይኑ አይቶታል። ሌላ ምስክር የለም። ስለዚህ ስሙን ቀይሮ ጠፋ። እህቱ ሸጊቱ ኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ ሻይ እንደምትሸጥ ብቻ ይታወቅ ነበር። ይልቃል እሷን እንዴት ልቅረባት እያለ ሲያወጣ ሲያወርድ እሷው ክሊኒኩ ድረስ መጣች። የታቀፈችው ሕፃን ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ሽንቱ ጠቁሮ የሻይ ቀለም ይዟል።

የክሊኒኩ ሰው ሁሉ ጉበት ነው አለ። ይልቃል ያነበበው ትዝ አለው።

«ምን በላ?»

«ምን ይበላል ዶክተር፣ ፉል ነዋ። ገና ማስለመዴ ነበር።»

«ከናንተ ቤት ፉል የማይበላ ወንድ አለ?»

«ወንድሜ አለ እንጂ። ልጅ ሳለ ሊሞት ነበር። ከዚያ ወዲህ ባፉ አያዞረውም።»

ደሙን መረመረ። እንደጠረጠረው ነበር። ከእናት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርድ ጉድለት፤ ባቄላ የሚያፈርሰው ደም። ሕፃኑ ደም ተሰጠውና ዳነ። ሲወጡ ይልቃል ሸጊቱን አስቁሞ አስጠነቀቃት።

«ፉል በአፉ እንዳይዞር። የወባ ክኒንም ከኔ እጅ ካልሆነ ከማንም እንዳትቀበዪ።»

ሸጊቱ እጁን ይዛ ሳመችው። ሌላ ቀን ደግሞ፣ ሳይጠይቃት፣ ወንድሟ ፋው ጥጥ ላይ መሆኑን ነገረችው።

የዚያን ሳምንት የቤት ሥራ ጻፈ። ለስለላ አልነበረም፤ ለትምህርቱ ነው። ስም ሳይጠራ ስለ ሕፃኑ፣ ስለ እናቱ፣ ፉል ስለማይበላው አጎቱ ገጹ ላይ አሰፈረ። «ሃና» ከሥሩ ጠየቀች፤ አጎትየው ወባ ቢይዘው በፍጹም የማይሰጠው የትኛው መድኃኒት ነው? ይልቃል እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። ሰፊ መልስ ጻፈላት። መምህሩ ከክፍሉ ሁሉ የላቀ ነጥብ ሰጠው።

*

«ፋው ነው፣ ጋሼ» አለ ይልቃል በሰሊጥ መጋዘኑ ውስጥ። «ወባ ይዞታል። የሚስማማውን ጀምሬለታለሁ።»

«ጎበዝ። ግን መንገዱ ጭቃ ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል መኪና አዘጋጃለሁ። እስከዚያ ወደሱ ድርሽ እንዳትል።»

«እሺ።»

ጋረደው ከመዳፉ ሰሊጥ ወደ አፉ ጣል አደረገ። «የጻፍካትን አነበብኳት። አስተማሪ ይወጣሃል።»

ይልቃልን ደስ አለው። በዚያ ደስታው እስከ ዛሬ ያፍራል።

መሬቱ ጠፈፍ ሲል ኋላዋ ክፍት የሆነች ቦክስ መኪና ይዞ ፋው ተመለሰ። ጀማሉ ከዳሱ ውጭ ቆሞ ጠበቀው። የጀማሉ ፊት ይልቃልን አላማረውም።

ባንታምላክ ምንጣፍ ላይ ተጋድሟል። ዓይኑ ቢጫ ነው። ከንፈሩ ነጥቷል። አጠገቡ ባለው የሽንት ጣሳ ውስጥ ያለው ጥቁር ሻይ ይመስላል።

«ምን ዋጥክ?»

«የላኩልኝን ነዋ፣ ዶክተር።»

«እኔ ምንም አልላክሁም።»

ባንታምላክ ከትራሱ ሥር ትንሽ የወረቀት ከረጢት አወጣ። «አንድ ሰው ከክሊኒኩ ነኝ ብሎ ለሸጊቱ ሰጣት። ዶክተሩ ጨምሮለታል አላት። እሷ ላከችልኝ። ከርስዎ ባይሆን መች እውጥ ነበር።»

ይልቃል ክኒኖቹን መዳፉ ላይ አፈሰሰ።

ወዲያው አወቃቸው።

ፕሪማኩዊን። ለሌላው ሰው የወባ መድኃኒት ነው። ስሙን ለ«ሃና» የጻፈላት እሱ ነው። ከኔ እጅ ካልሆነ እንዳትቀበዪ ያለውም እሱ ነው። ማስጠንቀቂያው ራሱ መርዙን ተሸክሞ ከቤት አስገባው።

«ያ ስደተኞቹን የሚሸጠው ሰው» አለ። «ምን ዓይነት ነው?»

«ስሙን አላውቅም። ወፍራም ነው። የግራ ጆሮው ጫፍ የለም።»

ጋረደው።

ይልቃል አፈሩ ላይ ቁጭ አለ።  የተማረው አንድ ሰው ለመግደያ ሆነ፤ ያውም ትምህርቱን ወድዶት።

«ገዳሪፍ ሆስፒታል ልውሰድህ።»

«እዚያ አድብተው ይጠብቁኛል?»

«ይጠብቁሃል።»

«መተማስ ደም ይገኛል?»

«ላይገኝ ይችላል።»

ባንታምላክ ትንፋሹን ሰበሰበ። «እንግዲያው መተማ። ሳልናገር ከሞትሁ በከንቱ ነው የሞትሁት።»

*

ከገዳሪፍ በዶካ በኩል ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ኬላ አለ። ከኬላው ጎን አንድ ነጭ ላንድክሩዘር ቆሟል።

ይልቃል ከሩቅ አየው። መኪናውን ዳር አስያዘ። የኋላውን ሸራ ገልጦ ባንታምላክን ነጠላ አለበሰው፤ ከራስ እስከ እግር።

«ሬሳ ነህ» አለው። «ስነካው እንዳትተነፍስ። የመኪናውን ጎን ስነካው።»

ደም ያነሰው ሰው ትንፋሽ መያዝ አይችልም። ይህን ከይልቃል በላይ የሚያውቅ እዚያ አካባቢ አልነበረም።

ጋረደው ከወታደሩ ጋር ሻይ እየጠጣ ነበር። ብርጭቆውን አስቀምጦ መጣ።

«ወዴት ነው?»

«ሞተ፣ ጋሼ።»

«ምን አልክ?»

«ማለዳ ሞተ። ወባው ጸናበት። አልቻልሁም። የአገሩን አፈር ይልበስ ብዬ ነው።»

ጋረደው ወደ ኋላ ዞረ። ይልቃል ተከተለው። የመኪናውን ጎን በመዳፉ ነካ።

ነጠላው እንቅስቃሴ አቆመ።

ጋረደው ከእግሩ በኩል ገለጠ። የውስጥ እግሩን ያዘ። ቢጫ ነበር። ቀዝቃዛ ነበር።

አልለቀቀውም።

«ፊቱን ልየው።»

ነጠላው ጫፍ ላይ አንድ ዝንብ አረፈ።

«ኸላስ፣ ያ ሓጅ» አለ ወታደሩ ከኋላ። «ሐራም ነው። ሟቹን ተወው፣ አላህ ይርሐሞ።»

ጋረደው እጁን ሰበሰበ። የይልቃልን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ይልቃል ምንም ያልገባው ጅል ተማሪ ነው ብሎ ያምናል።

«አይዞህ። አንተ በደንብ ጽፈህ ነበር። በሽተኛው ነው ያልታደለው።»

«አመሰግናለሁ፣ ጋሼ።»

ኬላው ተከፈተ። ይልቃል ላንድክሩዘሩ ከኋላ መስታወቱ እስኪጠፋ ነዳ። ከዚያ ቆሞ ወረደ። ባንታምላክ አፉን ከፍቶ አየር ይጎትት ነበር፤ እንባው በቢጫ ዓይኑ ዳር ይወርዳል። ይልቃል ጭንቅላቱን ደግፎ ይቅርታ ለመነው። ባንታምላክ ለምን እንደሆነ አላወቀም፤ መኪናው ስላንገላታው መስሎት ምንም አይደል አለው።

*

መተማ ላይ ይልቃል የደወለላት ሙሉዬ ጠበቀቻቸው። ከጎንደር የመጣች፣ ንግግሯ አጭር፣ የመሥሪያ ቤቱን የራሱን ሰዎች የምትመረምር ሴት ናት።

ይልቃል ክንዱን ዘረጋ። ደሙ ከባንታምላክ ደም ጋር አልገጠመም። የሚገጥመው ደም ከጎንደር ተላከ ተባለ። ባንታምላክ ግን አልጠበቀም። እያረፈ፣ እየጀመረ፣ ያየውን ሁሉ ለሙሉዬ ተናገረ። ሲጨርስ ውኃ ጠየቀ። ውኃው ሲመጣ አልጠጣውም። ደሙ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ጋረደው ሰሊጥ ሊዋዋል ሲሻገር የድንበሩ ድልድይ ላይ ተያዘ። ሥራው አለቀ።

«ለሸጊቱ እውነቱን ላኩላት» አለ ይልቃል።

«የትኛውን እውነት? ይልቃል የሚባል ሰው የለንም። ገዳሪፍም ማንም አልነበረንም።»

«ፋው ያለ ሰው ሁሉ ባንታምላክ የዶክተሩን ክኒን ውጦ እንደታመመ አይቷል። ወሬው ደርሷታል።»

«ትጥላህ። ምን ይጎድልብሃል?»

«ትጥላኝ። ልጁ ነው የጨነቀኝ። ዶክተሩ ነፍሰ ገዳይ ነው ካለች የነገርኋትን ሁሉ ትተወዋለች። ፉል ታበላዋለች። ያንን ክኒን ታስውጠዋለች።»

 ሙሉዬ ሰው ነች፤ አዝናለች።

«አይቻልም» አለች።

ላፕቶፑን ተቀበሉት። ከትምህርት ቤቱ የመጣውን የመጨረሻ መልእክት ሳያነበው ቀረ።

*

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከደጋ የሚወርዱ ሠራተኞች በገፍ ይሻገራሉ። ከመሀላቸው ጢሙን ያሳደገ፣ ሻሹን እስከ ቅንድቡ ያወረደ አንድ ሰው ነበር። ማንም አልላከው። ቢያዝ የሚያውቀው የለም።

ኡም ጋርጉር ገበያ ደረሰ። ከሸጊቱ ሻይ ቤት አጠገብ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ሲመጣ ደጇ ላይ ሕፃን አለመኖሩን አይቷል።

ረፋድ ነበር። ጎረቤቷ የፉሉን ትሪ አመጣች። ሰዎች ቀረቡ።

ከጓሮ አንድ ልጅ እየተውተረተረ መጣ። እግር አውጥቷል። ሰው መሀል ገብቶ ትንሽ እጁን ወደ ፉሉ ዘረጋ።

በትከሻው ዞሮ ያየው ይልቃል አፉን ከፈተ።

ሸጊቱ ቀደመችው። የልጁን እጅ ይዛ መለሰችና ደረቅ ዳቦ አስጨበጠችው።

«ኧረ አንድ ጉርሻ ብትሰጪው ምናለ» አለች ጎረቤቷ።

«አይሆንም። ይገድለዋል። ዶክተሩ ነግሮኛል።»

«የቱ ዶክተር?»

«ወንድሜን የገደለው።»

 ጎረቤቷ ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠውን ሠራተኛ አየችና ትሪውን ወደሱ ገፋ አደረገች።

«ተፈደል፣ ወንድሜ። ቅረብ እንጂ።»

«ስለት አለብኝ» አለ ድምፁን አጥፍቶ። የሻዩን ሒሳብ አስቀመጠ። ሸጊቱ ቀና ሳትል ተነሥቶ ሰሊጥ አጫጆቹን ወደሚጭነው መኪና ሄደ።