የባለ ድርብ ክንፏ ካፒቴን

በኮምፒውተሩ ማያ ላይ አውሮፕላኗ ከሜዳው ተነሳች፣ አፍንጫዋን ደፋች፣ መሬት ላይ ተከሰከሰችና ጭስ ሆነች። አሁንም እንደገና!

«ኧረ አባዬ!» ድምቢጥ በሳቅ ፈረሰች። «ወደ ላይ ለመውጣት እኮ ጆይስቲኩን ወደ ራስህ ነው የምትስበው። አንተ ወደ ፊት ትገፋዋለህ!»

አባቷ የጆይስቲኩን ዘንግ እንደ ጋለ ካውያ ለቀቀው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሰፈሩ ግን «ካፒቴን» እንጂ በስሙ አይጠራውም። ልጅ ሳለ በዚህ አሮጌ የቤት ኮምፒውተር ባለ ድርብ ክንፍ የጦር አውሮፕላን እያበረረ፣ የጠላትን አውሮፕላኖች ሁሉ ጥሎ በሰላም ማረፉን ያልሰማ የለም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው እንኳ ይህን ወሬ ሳይሰማ አይወጣም። ዛሬ ደግሞ የድምቢጥ ሁለት የክፍል ጓደኞች ካፒቴንን በዓይናቸው ሊያዩ ይመጣሉ።

ድምቢጥ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። አንዴ የተጫወተ ሰው መሳብና መግፋቱን እንዴት ይረሳል?

«አባዬ... አብርረህ አታውቅም አይደል?»

አባቷ በሩን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር ጠቀለለ። «አክስትሽ ነበረች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እናታችን ‹አጥኚ› ብላት ስትወጣ እሷ ጦርነቷን ትጀምራለች። እናታችን ድንገት ተመልሳ ‹ማነው የሚጫወተው?› ስትል ‹እኔ ነኝ› እላለሁ። ቁንጥጫውን ቀመስኩ፣ ስሙም ለእኔ ቀረ። ከዚያማ... ስሙ ጣፈጠኝ።»

«ሼም ነው እኮ! ለክፍል ልጆች ስንቴ አወራሁልህ!»

«ምን ላድርግ ልጄ» አለ አንገቱን ደፍቶ። ድምቢጥ ተናደደች፤ አንጀቷንም በላት።

ከሰዓት በኋላ ጓደኞቿ መጡ። አውቶብስ ነጂዋ አክስቷም የሥራ ጃኬቷን እንደለበሰች፣ ሳቋ ከደጅ እየተሰማ ገባች። ገና ከመቀመጣቸው አንዱን ልጅ የኤሌክትሪኩ ገመድ ጠልፎት ተነቀለና ኮምፒውተሩ ጠፋ። አሮጌው ኮምፒውተር ጨዋታውን የሚያነበው ከቴፕ ካሴት ነውና እንደገና መጫን አለበት። ልጆቹ ቢሞክሩ ቴፑ ሲጢጥ ብሎ ዝም፣ ሲጢጥ ብሎ ዝም።

«እስቲ ዞር በሉ» አለ አባቷ። ቴፑ ዘንበል እንዲል በአንደኛው ጎኑ ስር ባዶ የክር ማጠንጠኛ አደረገ፤ ጆሮውን አስጠግቶ ድምፁን በጥቂቱ ጨመረ፣ መልሶ ቀነሰ። ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ማያው ላይ ባለ ድርብ ክንፏ አውሮፕላን ብቅ አለች!

«ድሮስ እሱ ካልነካው መቼ ተነስቶ ያውቃል!» አለች አክስት።

«ካፒቴን! ካፒቴን!» ልጆቹ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ጮኹ። አባቷ ጆይስቲኩን ያዘ። ድምቢጥን አያት።

«ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። እሷ ግን ተጠጋችና ጆሮው ስር «ለአክስቴ ስጣት፣ እኔ አለሁ» አለችው።

አባቷ ሸክም እንዳወረደ ሰው ተነፈሰ። «ልጆች፣ ዋሽቻችኋለሁ» አለ። «የምታበርረው እህቴ ነበረች። እኔ ካሴት ጫኝ ነበርኩ።»

አክስት ጃኬቷን አውልቃ ወረወረች። «እሰይ! ይህን ቀን ስጠብቅ አረጀሁ!» አለችና ተቀመጠች። አውሮፕላኗ ተነሳች፣ ተገለበጠች፣ ሁለት የጠላት አውሮፕላን ጥላ በደመና ስር ሾለከች፤ ከዚያ ሜዳው ላይ እንደ ላባ አረፈች። ከሁሉ በላይ የጨፈረው አባቷ ነበር።

«ቀሽት ናት!» አለ አንደኛው ጓደኛዋ። ወደ ድምቢጥ ዞረ። «ታዲያ ካፒቴን የሚባለው ማን ሊሆን ነው?»

ድምቢጥ ወደ አባቷና ወደ አክስቷ ዞረች።

«ካፒቴን!» ብላ ተጣራች።

«አቤት!» አሉ አባትና አክስት እኩል።

ድምቢጥ አንዳቸውንም አላረመችም።